ሃምሳ ሁለት መርገጫ

ፒድዮንግ ፓግሊናዋን እንጀራው ኮረብታ መሥራት ነው። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ የሙዝ እርሻ፣ የጭቃ መንገድ። ካጋያን ደ ኦሮ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ፎቅ ላይ፣ ሦስት ክፍል ባላት ቢሮ ተቀምጦ ኮምፒውተር ላይ መሬት ይዘረጋል። በዚያ መሬት ላይ ሌሎች ሰዎች ጦር ያሰልፋሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይገዳደላሉ። ጨዋታ ነው። ገዢዎቹ ግን ቀልድ አያውቁም። አንድ ቁልቁለት በሦስት ሜትር ከተዛነፈ ከፖላንድ ድረስ የስድብ ደብዳቤ ይጽፋሉ።

አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀድሞ የባሕር ወለድ ጦር ወታደር ነበር። ከዚያ በፊት ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ የሚያድር ሰው ልጅ ነበር። ይህን ሥራ ያገኘው በወታደርነቱ ሳይሆን በአባቱ ልጅነት ነው።

የመሬት ከፍታ ቁጥር የሚመጣው ከሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከላይ ሲያይ አፈሩን አያይም፤ የዛፉን አናት ያያል። ስለዚህ ኮኮናት የበቀለበት ሜዳ ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ አምባ ሆኖ ይወጣል። የቢሮዋ ባለቤት ማርቪ ዳግፒን በዚህ ነገር ሁለት ወር ራሷ ሲዞር ከረመ። በሙከራ ጨዋታዎቹ ላይ ታንኮች ዳገት መውጣት አቅቷቸው ይቆማሉ፤ በቦታው የተዋጉ ሰዎች ደግሞ «እዚያ ምን ዳገት አለና?» ይሏታል። ፒድዮንግ ያኔ የመጣው ስለ አንድ መንገድ ሊጠየቅ ነበር። ስክሪኑን አይቶ ሳቀ።

«ይሄ እኮ ኮረብታ አይደለም፣ ዛፍ ነው። ቁመቱን ቀንሺለት።»

«ቁመቱን በምን አውቄ፣ ኖንግ?» አለችው። ኖንግ በዚያ አገር ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ ስም ነው።

«መርገጫውን ቁጠሪዋ።»

ቱባ የሚባለውን መጠጥ ከኮኮናት አናት የሚቀዱ ሰዎች ግንዱን በገጀራ እየፈለጡ ለእግራቸው መርገጫ ያበጃሉ። ከአንዱ መርገጫ እስከ ቀጣዩ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። የፒድዮንግ አባት ያችን ልክ ሰክሮም አይስታት ነበር። መርገጫውን ቆጥሮ በአርባ ማባዛት፣ ያንን ከሳተላይቱ ቁጥር መቀነስ፤ የቀረው መሬት ነው። ማርቪ በሳምንቱ ቀጠረችው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ደብተርና እርሳስ ይዞ በየጦር ሜዳው ዛፍ ሲቆጥር ኖረ። ማርቪም ቁጥሩን ሳትጠይቅ ትቀበለው ነበር። የሚጠራጠርበት ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም።

ዲናሎግን እንዲለካ እስኪታዘዝ ድረስ።

ዲናሎግ የወንዝ ስም ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት እዚያ ዘጠኝ ሰው በገዛ ወገኑ መትረየስ ተቆርጧል። ተኳሹ ሩፎ አቤላኖሳ ይባላል። ረዳቱ ፒድዮንግ ነበር።

ውጊያው የጀመረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መቶ አለቃ ቪልያርታ ሠላሳ አንድ ሰው ይዞ ወንዙን ሊሻገር ወረደ። አማፂዎቹ ማዶ ኮረብታው ላይ ናቸው። ሩፎ ከኋላ፣ ጸሎት ቤቱ አጠገብ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ መትረየሱን ተከለ። ጎድጓዳው ለጠላት ሞርታር አይመችም፤ ለዚህ ነው የተመረጠው። ክፋቱ፣ ከውስጡ ሆኖ የሚታየው በጠርዙ ላይ የበቀለው ሰንበሌጥና የማዶው ኮረብታ ጫፍ ብቻ ነው። ወንዙ አይታይም። ስለዚህ ፒድዮንግ ጠመንጃውን አስቀምጦ ኮኮናት ላይ ወጣ፤ ከአናቱ ወንዙም፣ ዳር ያለው የሙዝ እርሻም፣ ከኋላ ያለው መንገድም ይታያል። ሃምሳ ሁለት መርገጫ። እሱ ከላይ አይቶ፣ አቅጣጫውን በተዘረጋ እጁ የጣት ስፋት ለክቶ ይጮኻል፤ ሩፎ ከታች እንደተባለው ይተኩሳል።

የመጀመሪያው ሞርታር መሻገሪያው መሃል ወደቀ። ሬዲዮው ከነተሸካሚው ተበተነ። ሁለተኛው የመቶ አለቃውን አገጭ ወሰደው፤ ሰውየው ቆሞ በእጁ ፊቱን ሲፈልግ ፒድዮንግ ከዛፉ ላይ አየው። ውሃው ቀላ። የተረፉት የራስ ቁርና ኮታቸውን ጥለው፣ ጭቃ ለብሰው፣ ወደ ሙዙ እርሻ ሮጡ። ከዚያ በሙዙ ውስጥ ለውስጥ ወደ ጸሎት ቤቱ መመለስ ጀመሩ።

ፒድዮንግ ያየው ቁር የሌላቸው፣ መልካቸው የማይለይ ሰዎች በጎን ሲመጡበት ነው።

«ሩፎ! ግራ፣ ሁለት ጣት! ሙዙ ውስጥ! ወደኛ እየመጡ ነው!»

«የማን ናቸው?»

«የነሱ! አውርደው!»

ሩፎ አወረደው። የሙዝ ግንድ ውሃ ነው፤ መትረየስ እንደ ጎመን ይቀረድደዋል። ግንዱም ሰውም አብሮ ወደቀ። ኦንዮ የሚባለው ወታደር ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ታናሽ ወንድሙ ቤርቶይ አጠገቡ ነበር። ቤርቶይ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ወደ ጸሎት ቤቱ «አቁሙ» የሚለውን ምልክት አሳየ። ሦስት ጣቶቹ ከተዘረጉበት ሄዱ።

ያንን እጅ ፒድዮንግ አየው። የወገን ምልክት ነው። ለመጮህ አፉን ሲከፍት ሁለተኛው ዝናር እያለቀ ነበር። ከዛፉ ሲወርድ መርገጫዎቹን ስቶ የጭኑ ቆዳ ተገሸለጠ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጣሪ መኮንን ፊት ቀረቡ። ፒድዮንግ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። «መንገዱን እያየሁ ነበር። ምንም አላዘዝኩም» አለ። ሩፎ «አዞኛል፤ እኔ ሣር እንጂ ሰው አላየሁም» አለ። ቦታው በአማፂዎች እጅ ስለነበር ሄዶ ያየ የለም። መኮንኑ ካርታ ዘርግቶ ከጸሎት ቤቱ እስከ መሻገሪያው ማስመሪያ አጋደመ። ካርታው ላይ ጎድጓዳ የለም፤ ለስላሳ ቁልቁለት ነው። «ከዚህ ይታያል» አለና ማስመሪያውን አነሳ። ነገሩ አለቀ። ሩፎ ሁለት ዓመት ታሰረ፣ ከጦሩ ተባረረ። ዛሬ ኮጎን ገበያ አጠገብ ሞቶሬላ የሚሉትን ባለሞተር ሳይክል ታክሲ እየነዳ ተሳፋሪ ይጭናል። የድሮ ጓዶቹ ስሙን አይጠሩም። አራጁ ይሉታል።

ማርቪ ዲናሎግን ለመሥራት ስትነሳ ይህን ሁሉ ከጋዜጣ አንብባለች፤ ፒድዮንግ እዚያ እንደነበርም ታውቃለች። «ለክተው ይምጡልኝ፣ ኖንግ» አለችው። ሄደ። ዛፎቹ ቆመዋል። ጎድጓዳው ውስጥ ያሉት ውሃ የጠገቡ ናቸው፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዘዋል። ጠርዙ ላይ ያሉት ያጥራሉ። አናታቸው ግን አንድ ልክ ነው፤ ከሰማይ ላየው ጎድጓዳ የሚባል ነገር የለም። ቆጠረ። ጎድጓዳው ውስጥ ሃምሳ ሁለት። ጠርዙ ላይ አርባ አራት። የሦስት ሜትር ልዩነት። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ለምን እንደጻፈው ለራሱም አልገባውም።

ቢሮ ሲመለስ «አሥራ ዘጠኝ ሜትር፣ ሁሉም» አላት።

«ጸሎት ቤቱ ጋም?»

«ጸሎት ቤቱ ጋም።»

ጎድጓዳው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፈነ። ፒድዮንግ ጨዋታው ወጥቶ፣ ተሽጦ፣ እንደ ሌሎቹ ይረሳል ብሎ አሰበ። ያላሰበው፣ ማርቪ ለሙከራው ሩፎን እንደምትጠራ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቤርቶይ ቀድሞ መጣ። ከታች ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ፣ በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ እየቆረሰ ይበላል። የመጣው አንድ ነገር ሊያይ ነው፤ ኦንዮን የሚያተርፍ መንገድ ነበር ወይስ አልነበረም። ሩፎ ከኋላው ሲገባ መብላቱን አቆመ።

«አራጁም ተጋብዟል?» አለ። «ቢላውን ይዞ ነው የመጣው ወይስ ከዚህ ትሰጪዋለሽ?»

«ደህና አረፈድክ ቤርቶይ» አለ ሩፎ።

«ጣቶችህ እንዴት አረፈዱ በለኝ እንጂ። አንተ ጋ አይደሉ?»

ማርቪ መሃላቸው ገባች። «ኖንግ ቤርቶይ፣ እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ሁለቱንም ካልሰማሁ ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ሐሜት ነው። ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጡ፤ ጀርባ ለጀርባ፣ በሁለት ኮምፒውተር። ቤርቶይ የመቶ አለቃውን ሰዎች ያዘ። ሩፎ መትረየሱን ያዘ። ፒድዮንግ ከመስኮቱ ጋ ቆሞ ያያል። ደብተሩ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነው።

በዚህ ጨዋታ ሕግ፣ አንድ ተኳሽ የሚያየው ሰው ከነስሙ ይወጣለታል። እይታው ክፍት ከሆነ ከተኳሹ እስከ ዒላማው አረንጓዴ መስመር ይዘረጋል። እይታ ከሌለ መስመሩ መሬቱ ጋ ሲደርስ ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ቢበዛ ግራጫ ጥላ ነው የሚታየው።

በሦስተኛው ዙር ሞርታር ወደቀ። ቤርቶይ የተረፉትን ወደ ሙዙ አስገባ። በሩፎ ስክሪን ላይ ከመትረየሱ ተነስቶ አረንጓዴ መስመር ተዘረጋ፤ ጠርዙን አልፎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሙዙ ጋ ደረሰ። ስሞች ብቅ አሉ። ዘጠኝ ስም። ከጎናቸው «ወገን» ይላል።

ሩፎ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ይሄ ልክ አይደለም።»

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው ኖንግ?» አለች ማርቪ።

«እኔ ያየሁት ሣር ነው። ሌላ ምንም አላየሁም። ይሄ መሬት ውሸት ነው።»

«ከፍታው የተለካ ነው እኮ። ኖንግ ፒድዮንግ ራሳቸው ሄደው ነው የለኩት።»

ቤርቶይ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ዞሮ መጣ። ስክሪኑን አየ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ስሞቹን አነበበ፤ የወንድሙ ስም ጋ ሲደርስ ቆመ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሩፎ ቸኩሎ፣ ፈርቶ፣ በደመ ነፍስ ተኮሰ ብሎ ሲያምን ነበር። ቸኩሎ የገደለን ሰው ይረግሙታል እንጂ ነፍሱን አይፈልጉም። አሁን ያየው ሌላ ነው።

«አይተኸን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከነስማችን አይተኸን ነበር።»

ቡጢ መጨበጥ ስለማይችል በክርኑ መታው። ሩፎ ከነወንበሩ ወደቀ። ቤርቶይ ላዩ ላይ ወጥቶ በጉልበቱ ደረቱን ረግጦ፣ ከጠረጴዛው ላይ ያገኘውን የብረት ስቴፕለር አንስቶ ቅንድቡ ላይ አወረደው። አንዴ። ሁለቴ። ቅንድቡ ተከፍቶ አጥንቱ ታየ። ደም ኪቦርዱ ላይ ተረጨ። ማርቪ ቤርቶይን በአንገትጌው ስትጎትት ሸሚዙ እጇ ላይ ቀረ። ሩፎ እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሳም። ደም በሞላው ዓይኑ መስኮቱን ይፈልጋል።

«ፒድዮንግ» አለ። «ንገረው። ዛፉ ላይ ነበርክ። ንገረው።»

ሦስቱም ወደ እሱ ዞሩ።

«መንገዱን እያየሁ ነበር» አለ ፒድዮንግ።

ሩፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቤርቶይ ስቴፕለሩን ጥሎ ተነሳና የተቀደደ ሸሚዙን ከማርቪ እጅ ተቀበለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ሳይጮህ ተናገረ። «እሁድ የኦንዮ ልጆች ከቡቱዋን ይመጣሉ። እስከዛሬ ያዝኳቸው፤ ተሳስቶ ነው እያልኩ። ከእንግዲህ አልይዝም። ቤትህን ያውቁታል ሩፎ። ገጀራም አላቸው።»

ፒድዮንግ ሩፎን ወደ ሕክምና አልወሰደውም። የወሰደችው ማርቪ ናት። እሱ ኪቦርዱን በሶፍት ሲጠርግ ቆየ። ደም በፊደሎቹ መሃል ገብቷል፤ አልወጣ አለው። በመጨረሻ ነቅሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ደብተሩን ከፈተ። የጸሎት ቤቱን ዛፎች አንድ በአንድ አስገባ፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ አራት። በእያንዳንዱ ቁጥር መሃሉ ትንሽ ሰመጠ፣ ጠርዙ ትንሽ ከፍ አለ። ማርቪ ስትገባ ጎድጓዳው አልቆ ነበር። ከጀርባው ቆማ ብዙ አየች።

«ቁጥር አሳስተው ነበር?»

«አዎ።»

«አሳስተው ነው ወይስ ዋሽተው?»

«ዋሽቼ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ነው። «በሩፎ ፊት ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ። ‘ለክተውታል’ እያልኩ። እኔም አብሬ መታሁት ማለት ነው።»

«ቤርቶይን ጥሪልኝ። ሩፎንም።»

«ለቤርቶይ ስልኩን አንስተው አይነግሩትም?»

«በቃል ብነግረው አያምነኝም። ሌላ ነገር ሲያምን ነው የኖረው።» ይህ እውነት ነው። ፊት ለፊት ለመናገር መፍራቱም እውነት ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ተገናኙ። ሩፎ ቅንድቡ በሰባት ስፌት ተይዞ፣ ግማሽ ፊቱ አብጦ በሩ ላይ ቆመ። ቤርቶይ የመጣው ማርቪ በእናቷ ስም ስለለመነችው ነው። መትረየሱ ያለበትን ኮምፒውተር ሲያሳዩት ወደ ኋላ አለ።

«እኔ በአራጅ ወንበር አልቀመጥም።»

«ለኦንዮ ስትል ተቀመጥ» አለ ፒድዮንግ።

«የኦንዮን ስም ከአፍህ አውጣ።»

ግን ተቀመጠ። ማርቪ የመቶ አለቃውን ሰዎች ያዘች። ፒድዮንግ የተኩስ አራሚውን ኮምፒውተር ያዘ፤ ዛፉ ላይ ያለውን ሰው።

«ወንዙ የታለ?» አለ ቤርቶይ። «ሐሙስ ይታይ ነበር። ይሄ ሣር ብቻ ነው።»

«ዝም ብለህ ጠብቅ።»

«ማዶው ይታየኛል። የኮረብታው ጫፍ። ከዚያ በታች ጥቁር ነው። በዚህ ምን ልተኩስ?»

«አራሚው የሚልህን።»

ሞርታሩ ወደቀ። ማርቪ ሰዎቿን ወደ ሙዙ አስገባች። በፒድዮንግ ስክሪን ላይ፣ ከዛፉ አናት ሲታይ፣ የሙዙ ቅጠል ከላይ የሸፈነው ዘጠኝ ግራጫ ጥላ ወደ ጸሎት ቤቱ መጣ። ከዚያ ድምፁ ሲወጣ የዚያን ቀን ድምፁ ነበር፤ ቀጭን፣ የሚጣደፍ። ማርቪ ደነገጠች።

«ግራ፣ ሁለት ጣት! ሙዙ ውስጥ! ወደኛ እየመጡ ነው!»

ቤርቶይ የድሮ ወታደር ነው። እጁ ሳያስበው ዞረ። «የማን ናቸው?» አለ።

በሩ ላይ ሩፎ ግድግዳውን ያዘ።

«የነሱ» አለ ፒድዮንግ። «አውርደው።»

ቤርቶይ በአውራ ጣቱ ተጫነው። መትረየሱ ሣሩን ቀዶ ጮኸ። አንድ ዝናር። ሁለተኛ ዝናር። ዙሩ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ የሞቱትን ዘረዘረ። ከላይ ወደ ታች ስምንት ስም። ዘጠነኛው ኦንዮ። ከሥር «በወገን ተኩስ» ይላል። ተኳሽ፦ ቤርቶይ።

ከታች ዳቦ ቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«አላየኋቸውም» አለ ቤርቶይ። ለማን እንደሚናገር አያውቅም። «ሣር እኮ ነው። አላየኋቸውም።» ከዚያ ስክሪኑን ተጠግቶ አየ። «ካልታዩኝ ጥይቱ እንዴት አገኛቸው?»

«ሰባት መቶ ሜትር ነው» አለ ሩፎ ከበሩ። ከመጣ ወዲህ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። «ጥይት ሄዶ ሄዶ ጎንበስ ይላል። ዓይን ጎንበስ አይልም። ይሄንን ለመኮንኑ ስነግረው ማስመሪያውን አሳየኝ።»

ቤርቶይ ወደ ፒድዮንግ ዞረ። «ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው? ሁለት ጣት፣ ሙዝ ውስጥ፣ ያልከውን?»

«ያልኩት ነው» አለ ፒድዮንግ። «ያኔ ያልኩት ነው። መንገዱን አላየሁም ነበር። እናንተን ነበር ያየሁት። ሩፎ የማን ናቸው አለኝ፣ የነሱ አልኩት። እጅህን ስትዘረጋም አይቻለሁ።»

ሩፎ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ጣቱን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈ፤ አቧራ የሚጠርግ ይመስል በቀስታ ዳበሰው።

«ስንት መርገጫ ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ሃምሳ ሁለት» አለ ሩፎ። «እኔስ ማመን ጀምሬ ነበር። እስር ቤት ሆኜ፣ አይቻቸው ይሆናል እል ነበር። ፊታቸውን ሳይቀር በሕልሜ ሠራሁት። ኦንዮ ሲስቅ አይቼ የተኮስኩ ይመስለኝ ነበር።»

ቤርቶይ ፒድዮንግን በፀጉሩ ያዘው። ግንባሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋ አላተመው። ፒድዮንግ ሲወድቅ ቤርቶይ በእግሩ ተከተለው፤ አገጩ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ እንደገና አገጩ ላይ። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። የተሰበረ ነገር ድምፅ ተሰማ፤ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ማርቪ «ያዙት! ኖንግ ሩፎ ያዙት!» ትላለች። ሩፎ ቆሞ ያያል። አልቸኮለም። ፒድዮንግ የደም አረፋ እየደፈቀ የመጨረሻ ትንፋሹን የሚስብ ሲመስል ነው መጥቶ ቤርቶይን ከኋላ ያቀፈው።

«በቃ» አለው ጆሮው ላይ። «ከሞተ ማን ይመሰክራል?»

እሁድ የኦንዮ ሁለት ልጆች ከቡቱዋን አውቶቡስ ሲወርዱ ቤርቶይ መናኸሪያው ላይ ጠበቃቸው። የነገራቸውን ነገራቸው። ወደ ሩፎ ቤት አልሄዱም፤ ወደ ፒድዮንግ ቤት ሄዱ። እሱ ሆስፒታል ነበር፤ ሚስቱም እዚያው ነበረች። በሩን በገጀራ ሰባበሩት። ግቢው ውስጥ አንድ ኮኮናት ነበረች፤ ቆርጠው ጣሪያው ላይ ጣሏት። ከዚያ በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ፒድዮንግ መንጋጋው ለሰባት ሳምንት በሽቦ ታስሮ ቆየ። መናገር ስለማይችል ቃሉን ጻፈ፤ አንድ ገጽ ተኩል። ማርቪ የድሮ ጦር ጓዶቹ ማኅበር በተሰበሰበበት አነበበችው። ከማኅበሩ ተሰረዘ። የሩፎን ስም መልሰው ጻፉት። በሚቀጥለው ስብሰባ ሩፎ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ የነበሩት ወንበራቸውን አላሸሹም። ያን ያህል ብቻ ነው የሆነው። ቤርቶይ እስከዛሬ ይቅርታ አልጠየቀውም። ሩፎም አልጠበቀም።

ማርቪ ፒድዮንግን አላባረረችውም። «ሌላ የሚቆጥር ሰው የለኝም» ነው ያለችው። አሁን ግን ወደ ጦር ሜዳ የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ዛፍ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ሁለቱም ደብተር ላይ ይፈርማሉ።

ጨዋታው በታኅሣሥ ወጣ። የስድብ ደብዳቤ እንደ ልማዱ ጎረፈ። አብዛኛው ስለ ዲናሎግ ነው። ጸሎት ቤቱ ጋ ያለው መትረየስ ምንም አያይም፣ መሬቱ ተበላሽቷል፣ አስተካክሉት ይላል። ማርቪ ለሁሉም አንድ መልስ ትልካለች፤ «ስህተት አይደለም።»

ለሩፎም አንድ ቅጂ ሰጥታዋለች። እሁድ ከሰዓት ሞቶሬላውን አቁሞ ይጫወታል። ሌሎቹን ውጊያዎች ከፍቷቸው አያውቅም። በመጀመሪያው ዙር መትረየሱን ከጎድጓዳው አውጥቶ፣ አርባ ሜትር ወደፊት ወስዶ፣ ሰንበሌጡን አልፎ ጠርዙ ላይ ይተክለዋል። ከዚያ ወንዙ ይታየዋል፤ ሙዙም፣ ሰዎቹም ከነስማቸው። አንድም ጥይት ወደ ሙዙ አይተኩስም። እዚያ ጠርዙ ላይ ግን መከለያ የለም። በአራተኛው ዙር ሞርታሩ ያገኘዋል፤ ተኳሽና ረዳት፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ዘጠኙ በሕይወት ይመለሳሉ።

እንደገና ይከፍተዋል።